የፈረስ ስም፣ ማኅተምና የቤተሰብ ጋሻ

በዚህ ዓመት በክፍላችን ከተነሡት ክርክሮች መካከል አንዱ «የቤተሰብ አርማ ያስፈልገናልን?» የሚል ነበር። የክርክሩ መነሻ ቀላል ነገር ነው። ከጓደኞቻችን የአንደኛው አጎት ከሚኖሩበት ከባሕር ማዶ አንድ ወረቀት ላኩለት፤ በወረቀቱም ላይ በቀይና በወርቅማ ቀለም የተሣለ ጋሻ፣ ከጋሻውም በላይ የብረት የራስ ቍር፣ ከበታቹ ደግሞ በላቲን ፊደል የአያቱ ስም ይታያል። አጎቱ ይህን የገዙት ለማንኛውም ስም የቤተሰብ አርማ አለኝ ከሚል ነጋዴ ነው። ወረቀቱ በክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ብዙዎቻችን አደነቅን። አንድ ልጅ ግን፣ አባቱ ሸማኔ ናቸው፣ ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ «እንግዲያስ የእኔ አባት ቤተሰብ የላቸውም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ሳይገኝ ደወሉ ተደወለ። እኔም ጥያቄው ከአእምሮዬ ስላልወጣ መጻሕፍት እያገላበጥሁ፣ ታላላቆችን እየጠየቅሁ ያገኘሁትን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሐፍ ለአንባቢዎች ማቅረብ መልካም መስሎ ታየኝ። የአገራችንን ነገር በኢትዮጵያ አቈጣጠር እጽፋለሁ፤ የውጭውን ግን «እ.ኤ.አ.» እያልሁ አመለክታለሁ።

አስቀድመን የአውሮፓውን እንመልከት፤ ምክንያቱም ጋሻው የመጣው ከዚያ ነው። በጋሻ ላይ ምልክት መሣል በብዙ አገር የነበረ ነገር ቢሆንም፣ በአውሮፓ ሥርዓት ይዞ የተነሣው በ12ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ዘመን ፈረሰኛው ጦረኛ ሰውነቱን በብረት ጥሩር፣ ፊቱን በራስ ቍር መሸፈን ጀመረ። ፊቱ የተሸፈነ ሰው ደግሞ ወዳጅ ይሁን ጠላት አይታወቅም። ስለዚህ በጋሻው፣ በሰንደቁና ከጥሩሩ በላይ በሚደርበው ልብስ ላይ ከሩቅ የሚታይ ሥዕል አደረገ። እንግሊዞች ይህን ምልክት እስከ ዛሬ በልብሱ ስም የሚጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

የፈረንሳይ አገር የአንዡ ገዥ የነበረው ዦፍሩዋ በ1151 እ.ኤ.አ. ሞተ። ከመቃብሩ በላይ የነበረው በቀለም የተሠራ የመዳብ ሰሌዳ ዛሬም በለማን ከተማ ይገኛል። በሰሌዳው ላይ ዦፍሩዋ ሰማያዊ ጋሻ ይዞ ቆሟል፤ በጋሻውም ላይ የወርቅ አንበሶች አሉ። የልጅ ልጁ ዊልያም ሎንግስፔ ደግሞ በ1226 እ.ኤ.አ. ሞቶ በእንግሊዝ አገር በሳልስበሪ ካቴድራል ተቀበረ፤ በመቃብሩ ላይ የተቀረጸው ጋሻም እነዚያኑ አንበሶች ይዟል። የታሪክ ጸሐፊዎች ምልክቱ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ መተላለፉን ከሚያሳዩት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው ይላሉ። እንግዲህ መጀመሪያ የአንድ ጦረኛ መታወቂያ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ የዘር ርስት ሆነ ማለት ነው።

ርስት ከሆነም በኋላ ሕግና ዳኛ አስፈለገው። ቀለማቱ ተቈጠሩ፤ ወርቅና ብር በአንድ ወገን፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቍር፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ በሌላ ወገን ሆኑ። ወርቅ በብር ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ እንዳይሣል ተከለከለ፤ ከሩቅ አይለይምና። ምልክቱን የሚመዘግቡና የሚመረምሩ ሹማምንት ተሾሙ፤ እነዚህም ከድሮ ጀምሮ በጦርና በጨዋታ ሜዳ ላይ አዋጅ ነጋሪ የነበሩ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ በ1484 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ሹማምንት ማኅበር አቋቋመላቸው፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ በለንደን አለ።

ደስ የሚያሰኘው በስም የሚጫወቱት ምልክቶች ናቸው። በስፓንያ ካስቲልና ሌዎን የሚባሉ ሁለት መንግሥታት ነበሩ። የካስቲል ስም ከግንብ፣ የሌዎን ስም ከአንበሳ ጋር ስለሚገጥም በጋሻቸው ላይ ግንብና አንበሳ ሣሉ። ማንበብ የማያውቅ ወታደር እንኳ ሥዕሉን አይቶ ስሙን ይጠራል። ቅኔ ለሚወድ ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጓደኛችን ወረቀት እንመለስ። ከላይ ያልሁት የለንደን ማኅበር ለሚጠይቁት ሁሉ አንድ መልስ አለው፤ ይኸውም አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ከእርሱ በቀጥታ ለሚወለዱት ነው እንጂ ለስም አይደለም የሚል ነው። ስሚዝ የሚባሉ እንግሊዞች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ አርማ ቢኖረው የሌሎቹ ስሚዞች ሁሉ አይሆንም። ስለዚህ ስም ተጠይቆ ከመጽሐፍ ውስጥ ጋሻ እየቀዳ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሸጠው ለእንግሊዝ እንኳ የማይሠራ ነገር ነው። ለእኛማ ከዚያም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የምናወርሰው የቤተሰብ ስም ራሱ የለንም።

እንደሚታወቀው የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም ይከተላል፤ ካስፈለገም የአያቱ ይጨመራል። ልጁ በተራው ሲወልድ የአያቱ ስም ከኋላ ይወድቅና የአባቱ ስም በቦታው ይተካል። እንዲህ እያለ ስሙ እንደ ወንዝ ውኃ ይሄዳል እንጂ እንደ ድንጋይ በአንድ ቦታ አይቆምም። ሴት ልጅም ብታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች።

ይህን ለመለወጥ የተሞከረበት ጊዜ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባቱ ስም እንዲኖረው አዘዘ። ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው፤ የአውሮፓውም ሥርዓት በዚህ አንቀጽ ላይ በግልጽ ይታያል። ሕዝቡ ግን ይህን አንቀጽ በሥራ ላይ ሳያውለው ቀረ። ዛሬም በመዝገብ ላይ የሚጻፈው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ሕግ ከወጣ በኋላ እንኳ አገር በልማዱ መጽናቱ ያስደንቃል።

ባሕር ማዶ የሄዱት ዘመዶቻችን ግን ይቸገራሉ። በዚያ የሚሞላው ወረቀት ሁሉ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ ወንድም የአባቱን ስም፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፍና ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች በወረቀት ላይ ባዕዳን ይሆናሉ። የጻፉትም ስም በልጆቻቸው ላይ ረግቶ ይቀራል። የጓደኛችን አጎት ጋሻውን የገዙት በእንደዚህ ባለ ስም ነው። እኔ በእርሳቸው አልፈርድም፤ ከአገር የራቀ ሰው የቤቱን ምልክት ቢፈልግ የሚያስገርም ነገር የለውም። የምለው ነገር ቢኖር የሚፈልጉት ምልክት በሌላ መልክ በአገር ቤት አለ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የፈረስ ስም አለ። የድሮ መኳንንት በጦር ሜዳ የሚጠሩት በክርስትና ስማቸው ወይም በአባታቸው ስም አልነበረም፤ «አባ» ተብሎ የጦር ፈረሳቸው ስም ይጨመርበታል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ አባ ጤና፣ ከሐረር አጠገብ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ዐፄ ኀይለ ሥላሴ ደግሞ አባ ጠቅል ተባሉ። ጌታን በስሙ መጥራት ድፍረት ስለሆነ አሽከሩ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ሲፎክርም በእርሱ ይፎክራል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ይህ ሁሉ እንዳይጠፋ አስበው የባለፈረሶችን ስም ሰብስበው በ1969 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ሥራቸው ረጅም ነው፤ በዚህ ነገር የሚመራመር ሁሉ ከእርሱ ይጀምራል።

እነዚህን ስሞች ደጋግሜ ስመለከት አንድ ነገር ታየኝ። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ዳኘው፣ ጠቅል፤ እነዚህ ሁሉ ትእዛዝ ናቸው። የአውሮፓው ጋሻ ግንብ ወይም አንበሳ ይሥላል፤ የእኛው ፈረስ ግን አድርግ እያለ ያዛል። የአውሮፓው ምልክት የተሠራው ለዐይን ነው፤ ፊት በብረት ተሸፍኖ ነበርና። የእኛው ጦረኛ ግን ፊቱን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ምልክቱ ለጆሮ ተሠራ። በአቧራና በጢስ መካከል ጌታው የት እንዳለ የሚታወቀው ስሙ ሲጮኽ ነው። ጋሻማ በእኛም አገር ነበረ፤ ከቆዳ ተሠርቶ ለታላላቆቹ በከፋይና በብር ያጌጥ ነበር። ነገር ግን ጌጡ የሚያስታውቀው የባለጋሻውን ማዕረግና ጀግንነት ነው እንጂ የአያቱን ቤት አይደለም።

ሁለተኛውና ለሸማኔው ልጅ ጥያቄ የሚጠቅመው ነገር የፈረስ ስም ዘር የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በወጣትነታቸው በጦርነት የተማረኩ ሰው ናቸው። በዐፄ ምኒልክ ቤት አድገው የጦር ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ፤ የፈረስ ስማቸውም አባ መላ ነው። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንደዚሁ በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ ተወስደው በቤተ መንግሥት ያደጉ ናቸው። በዐድዋ በመድፈኛነት ስማቸው ተጠራ፤ ከራስ መኰንን በኋላም ሐረርን ከገዙት መኳንንት አንዱ ሆኑ። እርሳቸውን አባ ነፍሶ ያላላቸው ሰው አልነበረም። እነዚህን ሁለት ሰዎች «የአያታችሁ ጋሻ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ምን ይመልሱ ነበር?

ይህ ልማድ የአማራ ብቻ እንዳይመስለን። በኦሮሞ ዘንድ በፈረስ ስም መጠራት ሥር የሰደደ ነገር ነው፤ ልማዱም ከዚያ ወደ ሸዋ መኳንንት እንደ ተስፋፋ የሚናገሩ አሉ። ራስ ጎበና ዳጬ አባ ጥጉ ይባሉ ነበር። የጅማ ነገሥታትማ በፈረስ ስማቸው ብቻ ስለሚታወቁ የራሳቸውን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የመጨረሻው ታላቅ ንጉሥ አባ ጅፋር ስማቸው ቱሉ ነበር። አባ ጅፋር የተባሉትም ሁለት ነገሥታት ናቸው፤ የመጀመሪያው ስም ከትውልድ በኋላ ተመልሶ ለሁለተኛው ሆነ። ስለዚህ በጅማ የፈረስ ስም እንደ አውሮፓው ጋሻ ሊወረስ ተቃርቦ ነበር ለማለት ይቻላል። በሌላው ዘንድ ግን ፈረሱና ጌታው ሲሞቱ ስሙም ከእነርሱ ጋር ያበቃል፤ ልጁ የራሱን ፈረስ ጭኖ የራሱን ስም ማግኘት ነበረበት።

ልማዱን እያመሰገንሁ ብቻ ማለፍ ግን እውነት አይሆንም። ፈረስ ሀብት ነው፤ በእግሩ የሚሄደው ገበሬ የፈረስ ስም አልነበረውም። በዝብዝ የሚለው ቃል ለወታደሩ ደስ ሲል እህሉ ለሚበዘበዝበት ባላገር ምን ይመስለው እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ሴቶችም ባለፈረስ ተብለው አልተዘመረላቸውም። እቴጌ ጣይቱ በዐድዋ ሠራዊት አሰልፈው እንኳ የሚታወቁበት ምልክት ፈረስ ሳይሆን «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የሚለው የማዕረግ ስማቸው ነው።

የፈረስ ስም ከባለቤቱ ጋር ያበቃል ካልሁ ዘንድ ከሐረር የወጣውን ልዩ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ራስ መኰንን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ በ1898 ዓ.ም. በቁልቢ እስኪሞቱ ድረስ ሐረርን ገዙ። የፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ነበር፤ በዚህም ፈረስ ዐድዋ ዘምተዋል። ከሞቱ ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ኮርያ ጦር ስትልክ ለሻለቃው የወጣለት ስም «ቃኘው» ሆነ። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጣቢያም በዚሁ ስም ቃኘው ጣቢያ ተብሎ እስከ 1969 ዓ.ም. ቈየ። የአንድ ፈረስ ስም ከሐረር ተነሥቶ ኮርያ ደረሰ፤ በዚያም የተሸከሙት ወታደሮች ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገርና ከልዩ ልዩ ሃይማኖት የመጡ እንጂ የራስ መኰንን ልጆች አልነበሩም። ራስ መኰንን በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ሐውልት ግን በሐረር አደባባይ ቆሞ ከኖረ በኋላ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ፈረሰ። ከነሐስ የተሠራው ፈረስ ወደቀ፤ ስሙ ግን በጡረተኞቹ ዘማቾች አፍ ላይ ነበረ።

በአገራችን ከአውሮፓው የዘር አርማ ጋር የሚመሳሰል ነገር ቢኖር የነገሥታቱ አንበሳ ነው። ዘውድ ደፍቶ መስቀል የያዘው አንበሳ በማኅተማቸው ላይ ይታተም ነበር፤ በዙሪያውም «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ይጻፋል። በኋላም የሰሎሞን ዙፋንና ሁለት መላእክት ተጨምረውበት የመንግሥት አርማ ሆነ። ይህ በእርግጥ የዘር ምልክት ነው፤ ከሰሎሞን መወለድን ይናገራልና። ነገር ግን ከዙፋኑ ጋር የሚሄድ ምልክት ስለ ነበር የዘውዱ መንግሥት በ1967 ዓ.ም. ሲያበቃ ከመንግሥቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ወረደ።

ዐፄ ኀይለ ሥላሴ በ1954 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ አገር በሄዱ ጊዜ ከንግሥት ኤልሳቤጥ የጋርተር ኒሻን ተቀብለዋል። ይህ ኒሻን በ1348 እ.ኤ.አ. ገደማ የተቋቋመና በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሰየመ ነው። በዊንድዘር ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ባለኒሻን የሚቀመጥበት ወንበር አለው፤ ከወንበሩም በላይ አርማው ያለበት ሰንደቅ ይሰቀላል። ባለኒሻኑ ሲሞት ሰንደቁ ይወርዳል፤ በወንበሩ ጀርባ የተመታችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ግን አትነሣም። እንግዲህ በአርማው አገር እንኳ ሰንደቁ ከሰውየው ጋር የሚያበቃበት ቦታ አለ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለተማርን ደግሞ ሌላ ምሳሌ ቅርባችን ነው። የካቶሊክ ጳጳስ ሲሾም የራሱን አርማ መርጦ በደብዳቤውና በማኅተሙ ላይ ያደርገዋል። ጳጳስ ልጅ ስለሌለው አርማው አይወረስም፤ ተተኪው የራሱን ይመርጣል። ይህን ሳስብ የጳጳሱ አርማ ከባላባቱ ጋሻ ይልቅ ለእኛ የፈረስ ስም ይቀርባል እላለሁ፤ ምንም እንኳ አንደኛው የሰላም፣ ሁለተኛው የጦር ምልክት ቢሆን።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ ልግባ፤ በፈላና በርም ልግባ። የጁገልን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ጥንታውያን በሮቹም አምስት ናቸው። በሰሜን ያለውን አማርኛ ተናጋሪው ፈላና በር ይለዋል፤ የከተማው ተወላጅ ሐረሪ ደግሞ አሱም በሪ ይለዋል። በምዕራብ ያለው ለአንዱ ሸዋ በር፣ ለሌላው አስማዲን በሪ ነው፤ ኤረር በርም አርጎ በሪ ይባላል። በሩ አንድ ነው፤ ስሙ ግን በሚጠራው ሰው አፍ ልክ ነው። አንድ ስም፣ አንድ ጋሻ ለሚሉት አውሮፓውያን ይህን ማስረዳት ሳያስቸግር አይቀርም።

የሐረር አሚሮች ከ1647 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ሥርወ መንግሥት ሲነሡ ኖሩ፤ ግብፆች ከተማዋን ይዘው ከቈዩባቸው አሥር ዓመታት በስተቀር ይህ እስከ 1879 ዓ.ም. ደረሰ። በዚያ ዓመት አሚር አብዱላሂ በጨለንቆ ተሸነፉ፤ ከተማይቱም በዐፄ ምኒልክ እጅ ገባች። አሚሮቹ የራሳቸውን ገንዘብ ያስመቱ ነበር። ትንንሾቹ ሳንቲሞች በጁገል ውስጥ ባለው በሸሪፍ ሙዚየም ይታያሉ። እንደ አውሮፓው ገንዘብ አንበሳ ወይም ንስር አልተሣለባቸውም፤ የአሚሩ ስም፣ የከተማይቱ ስምና ዓመተ ሂጅራ በዐረብ ጽሕፈት ብቻ አለ። በሃይማኖታቸው ሥዕል ስለማይወደድ ጽሕፈቱ ራሱ ጌጥ ሆኖ ተሠርቷል። የጨለንቆ መታሰቢያ ዛሬ በፈረስ መጋላ ቆሟል፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ያ ቦታ ድሮ የፈረስ ገበያ ነበር። ከሁለቱም ወገን የተሰለፉት ሰዎች ልጆች ዛሬ በአንድ ክፍል ተቀምጠን እንማራለን፤ ስለዚህ ስለ አባ ቃኘው ስጽፍ ለአንዱ ኩራት የሆነው ለሌላው ኀዘን ሊሆን እንደሚችል አልዘነጋሁም።

በክርክራችን ቀን አንድ የሶማሌ ተወላጅ ጓደኛችን ተነሥቶ አባቶቹን በቃሉ ቈጠረልን፤ ከአሥራ አምስት በኋላ እኛ መከተል አቃተን። እነርሱ ይህን አብቲርሲ ይሉታል፤ ልጅ ሳለ ይማሩታል። ኦሮሞውም ጎሳውን ያውቃል። አማራውም ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል። የአውሮፓው ባላባት በጋሻ ላይ የሣለውን ይህ ልጅ በአፉ ይዞታል፤ ግመል ጠባቂም ቢሆን መኰንን አያንሰውም። የሸማኔው ልጅም በዚያን ጊዜ የአባቶቹን ስም እስከ ሰባተኛው ድረስ ቈጠረ፤ ወረቀት የተላከለት ጓደኛችን ከአያቱ በላይ አላለፈም።

በሐረሪ ቤት ውስጥ ግን የቤተሰቡ ምልክት በግድግዳ ላይ ነው። «ጌይ ጋር» በሚባለው ቤት የሚቀመጡበት መደብ ነደባ ይባላል፤ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ሆኖ እያንዳንዱ ስምና ማዕረግ አለው። የአባወራው መቀመጫ አሚር ነደባ ይባላል። ከመደቡ በላይ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል፤ እንግዳ ገና ሲገባ ሳይነገረው ያነባል። ይህን ያህል በሥርዓት የተቀመረ ምልክት በየትኛው ባላባት ጋሻ ላይ እንዳለ እንጃ።

ስፌቱንም የሚሰፉት ሴቶች ናቸው። ልጅቱ ገና ሳታገባ ከእናቷና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተቀምጣ ትማራለች፤ ሳር እያቀለመች፣ ጥለቱን በቃሏ እየቈጠረች ትሰፋለች። ጥለቶቹም ስም አላቸው። ስታገባ የሰፋችውን ይዛ ትሄዳለች፤ ለአማቷም የምትሰጠው ልዩ ስፌት አለ። በአዲሱ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እንግዲህ የባልየው አባት ምልክት ሳይሆን የሙሽራይቱና የእናቷ እጅ ሥራ ነው። ሴት ልጅ ስትወልድም ጥለቱን ለእርሷ ታስተምራታለች።